ከድሬዳዋ ያመጣኋቸው ፎቶዎች

ባለፈው ታኅሣሥ ከእማዬና ከታናሽ እህቴ ጋር ለቁልቢ ገብርኤል ሄደን፣ ከንግሡ በኋላ ድሬዳዋ አክስቴ ቤት አራት ቀን ቆየን። ስንመለስ ስልኬ ላይ 214 ፎቶ ነበር። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ነገር መደርደር ልማዴ ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ በዓይነት በዓይነት ከፋፈልኳቸው። የዛፍ ጥላ። ቀጥ ያለ ጎዳና። አሮጌ ፔጆ ታክሲ። ፈጢራ በማር። ከሰዓት በኋላ ፀጥ ያለ ሰፈር። ታሪክ ላንሳ ብዬ ያነሳሁት አንድም የለም። ደጋግሜ ሳያቸው ግን አብዛኞቹ ዞረው ዞረው የሚያደርሱኝ አንድ ቦታ ነው፤ ባቡሩ ጋ።

ብዙውን ፎቶ ያነሳሁት ከዚራ ነው። ጎዳናው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፣ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው ፀሐዩን ይከለክላሉ። እህቴ "እንዴት ደስ ይላል አቦ!" እያለች የድሬን አነጋገር ታሾፍበት ነበር። ይህ ደስታ ግን በአጋጣሚ የበቀለ አይደለም። ከዚራን የቀየሱት የባቡሩ ኩባንያ ሰዎች ናቸው። የደቻቱን አሸዋ ተሻግረው መጋላ ሲገቡ ጎዳናው ይጠማዘዛል፣ ገበያው ይጀምራል። እዚያ የኖረው ሰው ከተማውን በራሱ ልክ ነው የሠራው።

ከተማው ራሱስ ለምን እዚህ ተቆረቆረ? ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ከጅቡቲ ሐረር እንዲደርስ ነበር የታሰበው። የዚያን ጊዜ ትልቋ የንግድ ከተማ ሐረር ናትና። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። ሐዲዱ በረሃውን አቋርጦ የተራራው ግርጌ ሲደርስ ግን ችግር ገጠመው። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ወደ ሐረር የሚወስደው የመኪና መንገድ ዛሬም በደንገጎ ዳገት ተጠማዝዞ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ባቡር እንዲህ ያለውን ዳገት አይወድም፤ ልውጣ ቢልም ብዙ ገንዘብ ይበላል፣ ኩባንያው ደግሞ ገንዘብ አጥሮታል። ስለዚህ ሐረርን ተዋትና ሜዳው ላይ ጣቢያ ሠራ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ደረሰ። ቦታውንም መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሉት።

እኛ መሥሪያ ቤት "ለጊዜው ነው" ተብሎ የተጻፈ ኮድ ስንት ዓመት እንደሚኖር የማያውቅ የለም። ድሬዳዋም ያንን ትመስለኛለች። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ሥራው ለዓመታት ቆመ፣ በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሐዲዱ የሚያልቀው ድሬዳዋ ስለነበር ዕቃው እዚያ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዓረቡ፣ ህንዱ እዚያ ሱቅ ከፈተ። ጠዋት ጠዋት በማር ስንበላው የነበረው ፈጢራ እንኳ ስሙ ዓረብኛ ነው።

ሌላው ፎቶ የፎቶ ፎቶ ነው። ከአክስቴ አልበም ያነሳሁት ነው፤ አያቴ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ቆሞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፊቱ በጥላ ተሸፍኗል። የባቡሩ ዋና ጋራዥ ድሬዳዋ ስለነበር ከተማው የብረት ሠራተኛ ከተማ ሆነ። በአገራችን ቀድመው ከተደራጁት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን ያቋቋሙት እነዚህ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማም በኃይል ነው የተበተነው። አያቴ የተቀጠረው ከዚያ በኋላ ነው። አክስቴ እንደምትለው ስለ አድማው ቤት ውስጥ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

የመጨረሻው ፎቶ የለገሃር በር ነው። ዝግ በር፣ ምንም የለበትም። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የድሮው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቀርቷል፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። በ1979 ዓ.ም. በ19 ዓመቷ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ የሄደችው ከዚህ ተሳፍራ ነው። የሸኛት አያቴ ነው፤ በዚያው ዓመት ሞተ፣ ሁለተኛ አልተያዩም።

ጥበቃው ሽማግሌ ሰው ናቸው። "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። ነገረቻቸው። ዝም ብለው አይዋት፣ ከዚያ "ግቢ፣ ስልኩ ግን እዚህ ይቀመጥ፣ ፎቶ ክልክል ነው" አሉ። ስልኬን አስረክቤ ተከተልኳት። ሐዲዱ መሃል ሣር በቅሏል። እማዬ ጥቂት ተራምዳ አንድ ምሰሶ አጠገብ ቆመችና "እዚህ ጋ ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ ይዞት ነበር" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ስንወጣ ሻይ ጋበዝኳት፤ ስኳር አበዛችበት።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ እህቴ "ከነዚህ ሁሉ የትኛውን እናሳትም?" ብላ ጠየቀቻት። እሷም ያንን ዝግ በር መረጠች። ስልኬ ሲሞላ ፎቶ የማጠፋው እኔ ነኝ፤ ለማያውቅ ሰው ይሄ ፎቶ መጀመሪያ የሚጠፋው ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን እንዲህ ጽፌ ያስቀመጥኩት ለዚያ ነው።