ሰደፍ

ሰደፍ፦ የጠመንጃ የኋላ ክፍል፤ ተኳሹ ትከሻው ላይ የሚያሳርፈው። በደባርቅም ሆነ በዳባት መንገድ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ማየት ብርቅ አይደለም፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ የሚያጅበው ስካውትም መሣሪያ ይይዛል።

የውጅግራና የምንሽር ሰደፍ እንጨት ነው፤ ከመያዝ ብዛት ለስልሶ የሚያብረቀርቅ። ክላሽ ሲመጣ ቃሉ መለያም ሆነ፦ ሰደፉ ቋሚ የሆነው «ባለ ሰደፍ»፣ የብረት ሰደፉ ታጥፎ የሚገባው «ታጣፊ» ይባላል።

በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ይህ ልዩነት የሕግ ጉዳይ ነው። ካዝናው የሚነቀል ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ታጣፊ ሰደፍ ካለው በአብዛኛው ከተከለከሉት ይመደባል፤ ስለዚህ አንዳንድ ባለቤቶች ሕጉን ለማክበር ሰደፉን ቋሚ ያደርጉታል። የእኛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ግን አጥብቆ የሚጠይቀው ፈቃድን ነው። ያልተፈቀደ መሣሪያ ሰደፉ ቢለወጥ ሕጋዊ አይሆንም።

ሰደፍ የጠመንጃን ዓይነት ይነግረናል፤ የባለቤቱን መብት አይነግረንም። ስለዚህ ወገኔ፣ ሰደፉን ከመወልወልህ በፊት የመሣሪያውን ፈቃድ ያዝ፤ ቤት ውስጥም ልጆች ከማይደርሱበት ቆልፈህ አስቀምጠው።