ስቅለት በኦስሎ የሥራ ቀን ነው

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ስለ አክፍሎት ላውጋችሁ። ስለ ሁዳዴው ሃምሳ አምስት ቀን አይደለም፤ ያንን ሽሮውም ምስሩም ይዞ ያሻግራል። የማወራው ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ነው። የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን ከቀመሱ ወዲያ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህልም ውኃም የለም። ሐዋርያት ትንሣኤውን ሳናይ አንቀምስም ብለው ቆዩ ይሉናል አባቶች፤ የቻለ በዚያው ፈለግ ያከፍላል። የታመመና ያረገዘች ግን አይገደዱም።

አገር ቤት ሳለሁ ማክፈል እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስቅለት ዕለት አገሩ በሙሉ ያግዛችኋላ! ሉካንዳው ዝግ ነው፣ ጎረቤት ቡና አፍልቶ አያውድባችሁም። ከቤተ ክርስቲያን ግቢ እስከ ማታ ስትሰግዱ ውላችሁ፣ ቄሱ በወይራ ጠብጠብ አድርገው ያሰናብቷችኋል። ከግራም ከቀኝም ያለው ሰው ከንፈሩ እንደናንተው ደርቋል።

ኦስሎ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኖርዌጆች ፋሲካ መጋቢት 22 ዋለ። ብርቱካናቸውንና ቸኮሌታቸውን ይዘው ተራራ ላይ ወዳሉት ጎጆዎቻቸው ወጡ፣ በበረዶው ተንሸራተቱ፣ ተመለሱ። የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። ስቅለታችን እንግዲህ ተራ ዓርብ ሆኖ መጣ፤ ፈረቃ ያለው ይገባል፣ ልጅ ያለው ትምህርት ቤት ያደርሳል። በዚያ ላይ በዚያ ወቅት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው። ቀኑ አልመሽ ይላል።

ጾሙ ሲገባስ እንዲህ ብቸኛ አልነበርንም። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን መጋቢት 2 በአንድ ቀን ገቡ። ግሮንላንድ ሰፈር ምስር ልገዛ ስሄድ ሶማሌው ባለሱቅ፣ «እናንተ በስንት ሰዓት ነው የምትፈቱት?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። የእነሱ ዒድ አለፈና የእኛ ቀጠለ።

የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። የቀዳም ሥዑር ዕለት የቀን ፈረቃ ነበረኝ። ሁለተኛው ቀን ላይ ሆድ ዝም ይላል፤ አፍንጫ ነው የሚያስቸግረው። ኖርዌጆች ቡና ሲወዱ ለጉድ ነው፤ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚንቆረቆረው ቡና ግንባሬን ለሁለት ይከፍለው ነበር። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ፣ ጎንበስ ብዬ ስነሣ ግድግዳው አብሮኝ እየዞረ፣ ዘጠናን ለተሻገሩ አንዲት እናት ሾርባ በማንኪያ አጎርስ ጀመር። እንፋሎቱ ፊቴን ይመታኛል። የካሮቱንና የቅቤውን ሽታ ለየብቻ አውቀዋለሁ።

«አንቺስ በላሽ?» አሉኝ።

«ዛሬ ሌሊት እበላለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልበላሽው?»

ነገርኳቸው። አፋቸውን ከማንኪያው አራቁ። ጀርመን ኖርዌይን በያዘበት ዘመን ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ስዊድኖች ለኦስሎ ልጆች ሾርባ ይልኩ ነበር፤ እሳቸውም ሳህንና ማንኪያቸውን ይዘው ይሰለፉ እንደነበር አወጉኝ። ወንድማቸው የሳህኑን ግርጌ በጣቱ ይጠርግ ነበር አሉ።

«ታዲያ አንቺን ማን ከለከለሽ?»

«ማንም።»

ይህችን መልስ ስሰጥ አፈርኩ ማለት አልችልም፤ ግን ከበደችኝ። እሳቸው የቀራቸውን ዳቦ በናፕኪን ጠቅልለው ከሽርጤ ኪስ ከተቱልኝ። ቅቤ ተቀብቶበታል፤ ለሌሊት ደግሞ ቅቤም ተፈቅዷል።

በዚህችው ከተማ፣ ስሟ ክሪስቲያንያ በነበረበት ዘመን፣ ክኑት ሀምሱን ተርቦ ተንከራትቷል። እ.ኤ.አ. በ1890 «ረሃብ» የሚለውን ልብ ወለድ ያሳተመው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያ መጽሐፍ ሰውዬ መንገድ ለመንገድ ሲዞር መፍቻ ቀን የለውም፣ የሚጠብቀውም ማኅበር የለም። እንዲያውም መራቡን ከሰው ይደብቃል። እኔ ግን በስንት ሰዓት እንደምበላ፣ ከማን ጋር እንደምበላ አውቃለሁ። ያንን ረሃብና የኔን ጾም በአንድ ስም ለመጥራት አልደፍርም፤ አሮጊቷ ወንድማቸውን ካነሡልኝ ወዲህማ ጨርሶ።

ማታ በተከራየነው ቤተ ክርስቲያን ስንሰበሰብ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ነጠላ የለበሰ ሁሉ ጠዋት የታደለውን ቄጠማ ከራሱ አስሯል። ያከፈልን በዓይን እንተዋወቃለን፤ አንዷ ከሆስፒታል፣ አንዱ ታክሲ ሲነዳ ውሎ የመጣ። ከቅዳሴ በኋላ አባ ደጋግመው አስጠነቀቁን፤ በባዶ ሆድ ዶሮ ወጥ ላይ አትውደቁ፣ መጀመሪያ ተልባ ጠጡ አሉ። አንዲት እናት በትልቅ ፔርሙዝ በጥብጠው ይዘው መጥተው፣ ከፊታቸው ለቆመው ሁሉ እየቀዱ፣ «ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ» ይላሉ። ታክሲ ነጂው በአንድ ትንፋሽ ጨለጠና ድገሙኝ አለ። ደገሙት፤ እኔም ከኋላው ተሰልፌ ነበር።