በሁለት ሳተላይቶች መካከል፦ የድሬዳዋ ዲሾች አቅጣጫ

ድሬዳዋ ላይ ዲሽና ሪሲቨር የፈለገ ሰው ታይዋን ገበያ ይሄዳል። የሚገዛው ዕቃ አዲስ አበባ ከሚሸጠው ባይለይም፣ ጣሪያ ላይ ሲተከል ግን አቋሙ ይለያል። ምክንያቱ የከተማዋ ኬንትሮስ ነው።

የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ፣ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል። ይህ ምድር በራሷ ዛቢያ የምትዞርበት ጊዜ ስለሆነ ከታች ለሚያየው የቆመ ይመስላል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ግን ዝቅ ብላ የምትዞር የምድር ምልከታ ሳተላይት ናት፤ ብዙዎች እንደሚያስቡት ቴሌቪዥን አታሰራጭም። የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን የሚያሰራጨው ኢትዮሳት የተመሠረተው በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከኤስ.ኢ.ኤስ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ሲሆን፣ የሚጠቀመውም በጥቅምት 2002 ዓ.ም. የመጠቀውን ኤን.ኤስ.ኤስ-12 ነው።

ኤን.ኤስ.ኤስ-12 በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ የዓረብሳት ባድር ሳተላይቶች ደግሞ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ይገኛሉ። አጋማሻቸው 41.5 ነው፤ ድሬዳዋም 41.9 ላይ ናት። ስሌቱ እንደሚያሳየው ከከተማዋ ሲታዩ ባድር በ68፣ ኤን.ኤስ.ኤስ-12 በ69 ዲግሪ ከፍታ ላይ ናቸው። ስለዚህ ምሰሶው ቀጥ ብሎ ከተተከለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር የዲሹን ከፍታ መንካት አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ከደቡብ ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 118 ዲግሪ ያህል ማዞር ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ግን የከፍታው ልዩነት ከ5 ዲግሪ ስለሚበልጥ ከፍታውም አቅጣጫውም መስተካከል አለባቸው። ከዲሹ ፊት ሆኖ ሲግናሉን የሚቀበለውን ኤል.ኤን.ቢም መርሳት አይገባም። ድሬዳዋ ላይ ለባድር ወደ አንድ ጎን፣ ለኤን.ኤስ.ኤስ-12 ወደ ተቃራኒው ጎን 57 ዲግሪ ገደማ ይዘነብላል። ዲሹ በትክክል ዞሮ ሲግናል ሲጠፋ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው።

የአገር ውስጡንም የዓረብኛውንም የሚፈልግ ቤተሰብ በአንድ ተራ ዲሽ ላይ ሁለት ኤል.ኤን.ቢ ደርድሮ አይወጣውም፤ በሳተላይቶቹ መካከል ያለው 31 ዲግሪ ለዚያ በጣም ሰፊ ነው። ሁለት ዲሽ ያስፈልገዋል። ናይልሳት ደግሞ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነ ከድሬዳዋ ሲታይ ከፍታው 33 ዲግሪ ብቻ ነው። በምዕራብ በኩል ያለ የጎረቤት ፎቅ ወይም ዛፍ በቀላሉ ይጋርደዋል፤ ኤን.ኤስ.ኤስ-12ን ለመጋረድ ግን ግድግዳው ዲሹ አጠገብ መሆን አለበት።

በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ ራሷ እንቅፋት ትሆናለች። በትክክል ከሳተላይቱ ኋላ ስታልፍ የምትለቀው የሬዲዮ ጨረር ሲግናሉን ይውጠዋል። ለድሬዳዋና ለኤን.ኤስ.ኤስ-12 ይህ የሚሆነው በመጋቢት 7 እና በመስከረም 17 ዙሪያ ባሉ ጥቂት ቀናት፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛው በመስቀል በዓል ሰሞን ይውላል፤ ምስሉ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ስለሚመለስ ያን ጊዜ ሪሲቨሩን ተሸክሞ ታይዋን መሄድ አያስፈልግም።