ካፍ፣ ማንኪያና እፍኝ

በብዛት ወደ አገራችን በገባንባቸው ዓመታት፣ ይኸውም ከ1984 እስከ 1991 እ.ኤ.አ.፣ በኡልፓን ቀድመው ከተማርናቸው ቃላት አንዱ ካፍ ነው። ካፍ ማንኪያ ነው ተባልን፤ የእጅ መዳፍም ካፍ ነው ተባልን። በአማርኛ ሁለቱ አይዛመዱምና ብዙዎቻችንን ግራ አጋባን።

ኦሪትን ለተማረ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በዘኍልቍ ምዕራፍ 7 አሥራ ሁለቱ የእስራኤል አለቆች እያንዳንዳቸው ሚዛኑ 10 ሰቅል የሆነ፣ ዕጣን የተሞላ የወርቅ ካፍ አቅርበዋል፤ ድምሩ 120 ሰቅል ነው። ጎድጎድ ብሎ የሚይዝ ነገር በዕብራይስጥ ካፍ ስለሚባል መዳፉና ማንኪያው በአንድ ስም ተጠሩ። የእኛው ፊደል «ከ»ም በግእዝ ስሙ ካፍ መሆኑን ዳዊት የደገመ ያውቃል።

ማንኪያ ከሌላ ሥር ነው። በግእዝ ማንካ ይባላል፤ ትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችን ዛሬም ማንካ ይላሉ። በጎንደር ገጠር እንጀራ በእጅ ስለሚበላ ማንኪያ ከማዕድ ላይ ብዙም አይታይም ነበር። ከእናቶቻችን እጅ የማይለየው ወጥ የሚያማስሉበት ማማሰያና ወጥ የሚያወጡበት ጭልፋ ነው። ጭልፋ «ጨለፈ» ከሚለው ግስ መጣ፤ የልጅ ልጆቻችን ግን ማጽቄት እንጂ ጭልፋ አይሉም።

እውነተኛው ዝምድና ያለው በእፍኝ ላይ ነው። እፍኝ በግእዝ ሕፍን፣ በዕብራይስጥ ሖፌን ነው። በዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ሊቀ ካህናቱ በእኛ አስተሰርዮ በምንለው ቀን ሁለት እጁን ሙሉ ዕጣን ያፍሳል። አባቶቻችን ያልደረሳቸው ሚሽና ደግሞ በዮማ ምዕራፍ 5 ሊቀ ካህናቱ ዕጣኑን በእፍኙ አፍሶ በካፍ ውስጥ እንደሚያኖር ይናገራል። ሁለቱ ቃላት በአንድ ሰው እጅ የተገናኙት በዚያ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፦ ሐኪም ካፒት ሲል የሻይ ማንኪያ፣ ካፍ ሲል የሾርባ ማንኪያ ማለቱ ነው። በመድኃኒት አሰጣጥ የመጀመሪያው 5፣ ሁለተኛው 15 ሚሊ ሊትር ነው። አስተርጓሚው ሁለቱንም «ማንኪያ» ብሎ ካለፈ ሕፃኑ ሦስት እጥፍ መድኃኒት ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ ለሽማግሌዎቻችንና ለእናቶች የምታስተረጉሙ ልጆቻችን የየትኛው ማንኪያ መሆኑን፣ ቢቻልም ሚሊ ሊትሩን ጭምር ንገሩልን።