ጋፋትኛ የት ገባ?

በዓለም ላይ ሰባት ሺህ ያህል ቋንቋዎች እንዳሉ ይነገራል። እኛም እዚሁ ካኩማ ውኃ ልንቀዳ ስንሰለፍ ዲንካ፣ ኑዌር፣ ሶማልኛ፣ አረብኛ፣ ስዋሂሊ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እንሰማለን። ታዲያ ቋንቋ ጠፋ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመስለን ሕዝቡ በጦርነት ወይም በበሽታ አለቀ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። ሰዎቹ አሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውም አሉ፤ ቋንቋው ብቻ የለም።

ከአገራችን ጋፋትኛን እንውሰድ። በጎጃም፣ በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረ የሴም ቋንቋ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ወደ ጎንደር በመጣበት ዘመን መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዷል፤ ጽሑፉ ዛሬም ኦክስፎርድ ተቀምጧል። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በ1947 ቦታው ድረስ ሄደው ሲፈልጉ ግን፣ ብዙ ደክመው ቋንቋውን የሚችሉ አራት ሰዎች ብቻ አገኙ። አራት! ጋፋቶቹ የትም አልሄዱም፤ አማርኛ ተናጋሪ ሆኑ እንጂ። ይህን ዛሬ በአማርኛ መጻፋችን ራሱ ትንሽ ያሳስባል።

የኬንያዎቹ ያኩዎች ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ከኬንያ ተራራ በስተሰሜን፣ በሙኮጎዶ ጫካ የሚኖሩ አዳኞችና ማር ቆራጮች ነበሩ፤ ቋንቋቸው የኩሽ ነው። ለሚስት የሚሰጡት ጥሎሽ የንብ ቀፎ ነበር። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ግን ሴቶች ልጆቻቸው ከብት ላላቸው፣ ማሳይኛ ተናጋሪ ለሆኑ ጎረቤቶች ይዳሩ ጀመር፤ ጥሎሹም ከብት ሆነ። ያኔ የያኩ ጎረምሳም ቀፎ ይዞ ቢሄድ ማን ይድርለታል? ከብት ማርባት ያዘ፤ ከከብቱ ጋር ማሳይኛው ገባ። ማንም በዱላ አላስገደዳቸውም። በ2000ዎቹ ዓመታት ቋንቋውን ለልጆቻችን እናስተምር ብለው ሲነሱ የሚያስታውሱት ጥቂት አረጋውያን ብቻ ነበሩ።

በካምፓችን ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። ይህን አንቃወምም፤ ፈተናውም ሥራውም በዚያው ነው። ነገር ግን እቤት ሲገቡም ስዋሂሊ ብቻ የሚያወሩ ሕፃናት እያየን ነው። አያት ከአገር ቤት ስትደውል ልጁ ሰላምታውን ይልና ስልኩን ለእናቱ ያቀብላል።