የጊስባኽ ሆቴልና ባቡሩ

በስዊዘርላንድ ተራሮች የሚጓዝ መንገደኛ ጥንታዊ ሆቴል ለማደሪያ ሲመርጥ፣ ከአልጋና ከምግብ ሌላ የአንድ ዘመን የምሕንድስና ታሪክም ያገኛል። በብሪየንዝ ሐይቅ ዳር ያለው የጊስባኽ ሆቴል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሆቴሉ በአርክቴክት ኦራስ ኤድዋር ዳቪኔ ንድፍ በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ተሠራ። በ1883 ቢቃጠልም እንደገና ታንጿል። ቦታው ከፏፏቴው ፊት ለፊት፣ ከሐይቁ በላይ ባለ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ በመርከብ የሚመጣውን እንግዳ ከነጓዙ ማውጣት አስቸጋሪ ነበር። መሐንዲሱ ኒክላውስ ሪገንባኽ በ1879 መፍትሔውን ከውኃ አገኘ። በአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች ሁለት ፉርጎዎች ታሰሩ፤ የላይኛው ገንዳው ውኃ ሲሞላ በክብደቱ እየወረደ የታችኛውን ወደ ላይ ይስባል፤ ታች ሲደርስም ውኃውን ያፈሳል። ሐዲዱ አንድ ሲሆን፣ ፉርጎዎቹ የሚተላለፉት መካከል ላይ ለሁለት በተከፈለበት ስፍራ ነው። ይህ የመተላለፊያ ዘዴ የሮማን አብት ፈጠራ ነው።

ሆቴሉ በ1979 ተዘጋ፤ አፍርሶ በአዲስ ሕንጻ የመተካት ሐሳብም ቀረበ። የተፈጥሮና የቅርስ ተሟጋቹ ፍራንዝ ቬበር ግን በ1983 ድርጅት አቋቁሞ፣ ከሕዝብ በተዋጣ ገንዘብ ከመፍረስ አዳነው።

ባቡሩ ዛሬ በኤሌክትሪክ ኃይል ይሠራል፤ መስመሩ ግን ያው የጥንቱ ነው። ሕንጻ በቁልፍ ተዘግቶ ቢጠበቅ ጣራው ያፈሳል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። የጊስባኽን ጣራ የሚያሳድሰው እንግዳ ላዳረበት የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ እኛ መሐንዲሶች የአሮጌ ሕንጻን ዕድል ስንወስን፣ ስለ ግድግዳው ጥንካሬ ከመመርመራችን ጋር ወደፊት ምን አገልግሎት ሊሰጥ እንደሚችል አብረን ልንጠይቅ ይገባናል።