ደብዳቤው የት ይደር?

ከያቤሎ ወደ ሜጋ በሚወስደው የሞያሌ አስፋልት ላይ የምትገኘው ዱብሉቅ በሁለት ነገር ትታወቃለች፦ ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶቿና በከብት ገበያዋ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ግን ስሟ የተነሣው በሌላ ምክንያት ነው። አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳ ከብታቸው ያለቀባቸው የቦረና ቤተሰቦች እዚያ ሰፈሩ፤ የዕርዳታ ድርጅቶች መኪኖችም ተከትለዋቸው መጡ። ከመኪኖቹ ጋር ላፕቶፑና ታብሌቱ፣ ከእነሱ ጋር ደግሞ የማይቀረው የማታ ሪፖርት መጣ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ታብሌቱ ቀን ከመጠለያ መጠለያ ይዞራል፤ ላፕቶፑ ማታ ይከፈታል። ኢሜይሉ ግን አንድ ነው። ጠዋት ታብሌቱ ላይ የተነበበው መልእክት ማታ ላፕቶፑ ላይ እንዳልተነካ ሆኖ ይመጣል፤ ከላፕቶፑ የተላከው መልስ ታብሌቱ ላይ የለም፤ ሲብስ ደግሞ በአንዱ የወረደው ደብዳቤ በሌላው ቢፈለግ ቢፈለግ አይገኝም። ያን ጊዜ የሚረገመው ኔትወርኩ ነው። ኔትወርኩ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት ባይቻልም፣ ብዙውን ጊዜ የችግሩ ሥር አካውንቱ መጀመሪያ ሲሞላ የደብዳቤውን መቀበያ መንገድ ለሚመርጠው «ፖፕ ወይስ አይማፕ?» ጥያቄ ማንም ሳያስብበት የተሰጠ መልስ ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ ለብዙ ዓመታት መልስ ሲሰጥ የኖረው የስልክ ሂሳብ ነበር።

ነገሩ ከፖስታ ቤት ይጀምራል። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎትን በአዋጅ አቋቋሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው መጡ፤ በ1901 ዓ.ም. አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ፖስተኛ ግን በር ለበር እየዞረ ደብዳቤ የማደል ልማድ አልያዘም። ደብዳቤ የሚገባው ሣጥን ውስጥ ነው፤ ለዚህም ነው የየመሥሪያ ቤቱ ማኅተምና የደብዳቤ ራስጌ «ፖ.ሣ.ቁ.» የማይለየው። የራሱ ሣጥን የሌለው መምህር በትምህርት ቤቱ፣ ወታደር በክፍሉ፣ ነጋዴ ባለሣጥን በሆነ ዘመዱ በኩል ያስልካል። ቁልፍ ያለው ሰው ይከፍታል፣ ያወጣል፣ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤው ያለው ያወጣው ሰው እጅ ላይ ብቻ ነው።

ፖፕም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ስሙን እንኳ ከፖስታ ቤት ወስዷል። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያውን ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣችው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረችው ጆይስ ሬይኖልድስ ናት፤ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ፖፕ3ን ደግሞ ማርሻል ሮዝ በ1988 አወጣው። ኮምፒዩተሩ ሰርቨሩን ይጠራል፣ ደብዳቤዎቹን ይቆጥራል፣ አንድ በአንድ ያወርዳል፣ «አጥፋቸው» ይላል፣ ይሰናበታል። ሰርቨሩ ደብዳቤ የሚያቆየው ባለቤቱ እስኪመጣ ነው።

በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማርክ ክሪስፒን ችግሩ ሌላ ነበር። ደብዳቤው የሚቀመጠው ብዙ ሰው በጋራ በሚጠቀምበት ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ እሱ ማንበብ የፈለገው ግን ጠረጴዛው ላይ ካለው ማሽን ነው። ደብዳቤው ካለበት ሳይነሣ ከሌላ ቦታ የሚነበብበትን መንገድ ሠራ፤ አይማፕ ይህ ነው። የተነበበው፣ የተመለሰው፣ ኮከብ የተደረገበት ሁሉ ምልክቱ የሚቀመጠው ሰርቨሩ ላይ ስለሆነ፣ በየትኛውም መሣሪያ ቢከፈት የሚታየው ያው ነው። ዛሬ ታብሌትና ላፕቶፕ የሚስማሙት በዚህ ነው፤ ክሪስፒን ሲጀምረው ግን ያሰበው ታብሌትን አልነበረም። ያሰበው ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥ የዩኒቨርሲቲ ግቢ መስመር ነበር።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥ መስመር የለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የሚሠራው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ማዕከል ፊዶኔት በተባለው የኮምፒዩተር መረብ አማካይነት ኢሜይል ማስተላለፍ ጀመረ። ተጠቃሚው ደብዳቤውን ከመስመር ውጭ ይጽፋል፤ ሞደሙ ወደ ፓዲስ ይደውላል፣ ያራግፋል፣ የመጣለትን ይጭናል፣ ስልኩን ይዘጋል። ፓዲስ ደግሞ የተጠራቀመውን ጠቅልሎ ለንደን ወዳለው ግሪንኔት የተባለ መረብ በዓለም አቀፍ ስልክ ይልካል። ሄልዝኔት የተባለው የሐኪሞች የኢሜይል መረብ ከዚህም ይገርማል። በ1993 የመጠቀችው ሄልዝሳት 2 የተባለች ሳተላይት ከዋልታ ወደ ዋልታ እየዞረች በአገሩ ሰማይ ስታልፍ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ምድር ላይ ካለው ጣቢያ ደብዳቤ ተቀብላና አራግፋ ትሄዳለች። ከተጠቃሚዎቹ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በሁለቱም ዘዴ «ሰርቨር ላይ ይቆይና ከዚያ ላንብበው» ማለት አይታሰብም፤ ደብዳቤ ማለት የወረደ ደብዳቤ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዳዊት በቀለና ሌሎች ባለሙያዎች ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ እንዲገባ ተሰባስበው ወተወቱ፤ በ1997 ቴሌ አገልግሎቱን ከፈተ። በቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ፣ ኋላም በኢትዮኔት ዶት ኢቲ የሚያልቁ አድራሻዎች የቢዝነስ ካርድ ላይ ወጡ። ሞደሙ ግን እየጮኸ በስልክ መስመር ነበር የሚገባው፤ ስልክ ደግሞ በጊዜ ይቆጥራል፤ መግቢያው አዲስ አበባ በነበረበት ጊዜ ከክልል ከተማ የሚደውል ሰው የረጅም ርቀት ሂሳብ ይጠብቀው ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ደብዳቤን በመስመር ላይ ሆኖ እያጣጣሙ ማንበብ የሀብታም ሥራ ነው። አውትሉክ ኤክስፕረስ የተባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ከፍቶ፣ ሁሉንም አውርዶ፣ መስመሩን ዘግቶ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ማንበብ ግን የሚቻል ነበር። ፖፕ በዚህ አሸነፈ፤ ከዚያ ዘመን ሁኔታ አንጻር ምርጫው ትክክል ነበር።

ፖፕ ታዲያ የራሱ አመል አለው። አንድ ሜጋባይት የሆነ ፎቶ ለኢሜይል ሲዘጋጅ በሲሶ ያህል ይወፍራል፤ በሰከንድ 28.8 ኪሎቢት በሚያወርድ ሞደም፣ መስመሩ ምንም ሳይንገዳገድ፣ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ደብዳቤዎቹ በተራ ስለሚወርዱ ከፎቶው ኋላ ያለው አስቸኳይ ባለሁለት መስመር መልእክት ወረፋ ይጠብቃል። በስድስተኛው ደቂቃ ስልኩ ቢቆረጥስ? የፖፕ ደንብ «አጥፋ» የተባሉት ደብዳቤዎች በእርግጥ የሚጠፉት ኮምፒዩተሩ ተሰናብቶ ሲወጣ ብቻ ነው ይላል። ሳይሰናበት ከተቆረጠ ሁሉም እንዳለ ይቆያል። ይህ ደብዳቤን ከመጥፋት ያድናል፤ ነገር ግን የትኛው እንደወረደ መዝግቦ የማይዝ ፕሮግራም በቀጣዩ ጥሪ ያወረደውን ሁሉ ደግሞ ያወርዳል፣ ያንኑ ወፍራም ፎቶ ጨምሮ። አንድ ደብዳቤ ሦስት አራት ጊዜ ተደርድሮ የታየበት ኢንቦክስ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ሌላው አመል ከወረደ በኋላ የሚመጣ ነው። አውትሉክ ኤክስፕረስ «ቅጂው ሰርቨሩ ላይ ይቆይ» የሚለው ሣጥን ካልተመረጠለት ያወረደውን ከሰርቨሩ ያጠፋ ነበር። ስለዚህ የአንድ ቢሮ የዓመታት የደብዳቤ ልውውጥ አንድ ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ያውም ተጠቃሚው አይቶት በማያውቀው ፎልደር ውስጥ ይከማች ነበር። ከዚያ በፍላሽ ቫይረስ ይገባል፤ ባለሙያ ይጠራል፤ ባለሙያው «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ዶክመንቶቹ ተገልብጠው ይተርፋሉ፣ ኢሜይሉ ግን አይታወስም። ከመሥሪያ ቤቶች የጽሑፍ ትውስታ ምን ያህሉ በዚህ መንገድ እንደሄደ የሚቆጥር ቢገኝ ጥሩ የታሪክ ጥናት ይወጣው ነበር።

አይማፕ ለቀጭን መስመር የተሻለ ሊሆን ይችል ነበር። የደብዳቤውን ርእስ ብቻ አምጣ፣ ጽሑፉን ብቻ አምጣ፣ አባሪውን ተወው ማለት ይችላል፤ ያን ፎቶ ሳይነካው ማለፍ ይችላል። ክሪስፒን ራሱ በ1994 ባወጣው ሰነድ ከመስመር ውጭ አንብቦ፣ ጽፎ፣ ሰርዞ፣ መስመር ሲገኝ የሰርቨሩን ቅጂ ማስተካከል የሚቻልበትን አሠራር ለይቶ አስፍሯል። ያገደው ነገር የሰርቨር ቦታ ነበር። ሆትሜይል ለአንድ ሰው የሚሰጠው 2 ሜጋባይት ነበር፤ ደብዳቤውን እዚያው ላሳድር የሚል ሰው በሁለት ፎቶ ይሞላበታል። ጂሜይል በ2004 አንድ ጊጋባይት ሲሰጥ ጨዋታው ተቀየረ፤ አይማፕን በነጻ የከፈተው ደግሞ በ2007 ነው፣ አይፎን በወጣበት ዓመት።

እስከዚያ ድረስ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሁለቱንም ዘሎ ነበር። ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ ያሁ ይከፍታል፣ ያነባል፣ ሂሳቡን ከፍሎ ይወጣል። የካፌው ኮምፒዩተር የማንም ስላልሆነ ደብዳቤው የግድ ሰርቨር ላይ ነው የሚያድረው። ይህ ልማድ በኋላ ወደ ስልክ ሲሻገር አይማፕ ስሙ ሳይነሣ ገባ፤ ስልኩ አድራሻና የይለፍ ቃል ብቻ ጠይቆ ቀሪውን ራሱ ሞላው። የተቸገሩት የራሳቸው ዶሜይን ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። አሮጌው ላፕቶፕ በፖፕ እንደተሞላ ነው፤ አዲሱ ታብሌት በአይማፕ ይገባል። ላፕቶፑ ጠዋት ሲከፈት ያወርድና ያጠፋል፤ ታብሌቱ ከሰዓት ሲያይ ባዶ ነው። ሁለቱም የታዘዙትን በትክክል ሠርተዋል።

አይማፕ ሁሉን ይፈታል የሚል ግን ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ያስታውስ። ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በእነዚያ ሳምንታት በብሮውዘር ብቻ የሚያነብ ሰው የትናንት ደብዳቤውን እንኳ ማየት አይችልም ነበር፤ በፖፕ አውርዶ ያስቀመጠው ግን የድሮ ደብዳቤውን ያገላብጣል። በአይማፕ የገባው ዕጣው ባደረገው ሴቲንግ ይወሰናል፤ ብዙ ታብሌቶች ካልተነገራቸው በቀር የቅርብ ሳምንታትን ብቻ ነው የሚይዙት።

ስለዚህ ዱብሉቅን በመሰለ ቦታ የሚሠራ ሰው ሁለቱንም መሣሪያ በአይማፕ ያስገባል፤ ላፕቶፑ የሁሉንም ደብዳቤ ሙሉ ቅጂ ከነአባሪው እንዲይዝ፣ ታብሌቱ ደግሞ የአንድ ወሩን እንዲይዝና አባሪ ራሱ እንዳያወርድ ያዝዛል። መላኪያው ከሁለቱም የተለየ ፕሮቶኮል ስለሆነ «የተላኩ» የሚለው ፎልደር ሰርቨሩ ላይ መሆኑን አንዴ ያረጋግጣል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የ2022 ፈተና አልቀረም። ጉግል በግንቦት፣ ማይክሮሶፍት ከጥቅምት ጀምሮ በስምና በይለፍ ቃል ብቻ የሚገቡ አሮጌ ፕሮግራሞችን ዘጉ። ድርቁ በበረታበት በዚያው ዓመት ያረጀ ታብሌት ይዞ መስክ የወጣ ሠራተኛ፣ ፕሮቶኮሉ ትክክል፣ የይለፍ ቃሉም ትክክል ሆኖ ሳለ «የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል» ተብሎ ሊመለስ ይችል ነበር።

ጄማፕ የሚባል አዲስ ፕሮቶኮል በ2019 ጸድቋል። ስልክና ታብሌት በሚቆራረጥ መስመር ሲገቡ ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ምልልስ እንዲጨርሱ፣ ካለፈው ጊዜ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ እንዲወስዱ ታስቦ የተሠራ ነው። ጂሜይል ግን አልተቀበለውም።